ሬጅስትሪ ክሊነር ኮምፒውተር ያፈጥናል ወይስ ያበላሻል?

የፍኖተ ሰላሟ ጸሐፊ

ሰላም ለዚህ ቤት። ፍኖተ ሰላም ላይ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ያለችኝ አንድ ዴስክቶፕ ናት። ዊንዶውስ 10፣ ራሟ 4 ጊጋ፣ ሃርድ ዲስኳ ያው የድሮው ዓይነት። ማመልከቻው፣ ውሉ፣ ሲቪው፣ የተማሪው መመረቂያ ጽሑፍ፣ ሁሉም እሷ ላይ ነው የሚጻፈው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ጠዋት ከፍቻት ቤቱን ጠርጌ፣ ወረቀት አስተካክዬ፣ አሁንም አልተነሳችም። ዎርድ ልክፈት ስል ያቺ ክብ ነገር ትዞራለች፣ ትዞራለች። ደንበኛው ቆሞ ያየኛል።

ሰፈር ውስጥ ኮምፒውተር የሚነካካ ልጅ አለ። "ሬጅስትሪው ቆሽሿል" አለኝና በፍላሽ አንድ ክሊነር አምጥቶ ጫነልኝ። ስካን ሲያደርግ ስክሪኑ በቀይ ተሞላ። ስህተት በስህተት! "ከባድ አደጋ" ምናምን ይላል። አስተካክል የሚለውን ስንነካው በዶላር ክፈሉ አለ። ልጁ ክራኩ (ሳይከፈል የሚያስከፍተው) አለኝ፣ ነገ ይዤልሽ እመጣለሁ ብሎኛል።

እኔ ግን ሆዴ ፈራ። የሰው አደራ አለብኝ፣ የአማርኛ መጻፊያዬ ፓወር ግዕዝም ቢጠፋ እንደገና የሚጭንልኝ ፍለጋ መንከራተት ነው። ይሄ ሬጅስትሪ የሚሉት ነገር ምንድን ነው? ማጽዳቱ ይጠቅማል ወይስ ጭራሽ ገደል ይከተኛል? የምታውቁ ንገሩኝ።

ጣና ዳር

እህታለም፣ ልጁ ነገ ሲመጣ ቡና ጋብዥውና ክራኩን እንደያዘ ይመለስ።

ሬጅስትሪ ማለት ዊንዶውስም ሆነ የጫንሻቸው ፕሮግራሞች ሴቲንጋቸውን የሚያስቀምጡበት ትልቅ መዝገብ ነው። የትኛው ፋይል በየትኛው ፕሮግራም ይከፈት፣ ፕሪንተሩ የቱ ነው፣ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ምን ምን አብሮት ይነሳ፣ ሁሉም እዚያ ተጽፏል። ከዊንዶውስ 95 ጀምሮ የሲስተሙ ዋና መዝገብ እሱ ነው። ዲስኩ ላይ ካየሽው ሲስተም 32 ውስጥ ኮንፊግ በሚባል ፎልደር የተቀመጡ ጥቂት ፋይሎች ናቸው። የየተጠቃሚው ደግሞ በየራሱ ፎልደር ውስጥ ተደብቆ ይቀመጣል።

አንድ ፕሮግራም ስታጠፊ እዚህ መዝገብ ላይ የተወሰነ ነገር ትቶ ይሄዳል። ይሄ እውነት ነው፣ ክሊነር ሻጮችም እንጀራቸውን የሚበሉት በዚችው እውነት ነው። ግን ያ ትርፍራፊ ኮምፒውተር አያዘገይም። ቀበሌ ሄደሽ ፋይልሽን ስትጠይቂ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ቁጥሩን አይቶ ይመዝዛል እንጂ የሞተውንም የለቀቀውንም ሰው ፋይል ሁሉ ሲያነብ አይውልም። (አንዳንድ ቀበሌ እንደዚያም ያደርጋል፣ እሱን ተዪው።) ዊንዶውስም የሚፈልገውን በአድራሻው ነው በቀጥታ የሚያወጣው። በመቶ ሺዎች ከሚቆጠር መስመር ውስጥ ጥቂት መቶ ቢቀነስለት አንቺ የምታዪው ለውጥ የለም።

ያ ቀይ ነገር ደግሞ ለማስፈራራት ነው። ፋይሉ የጠፋ አንድ ሾርትከት፣ ድሮ የከፈትሽው የዎርድ ዶክመንት ስም፣ ማንንም የማይጎዳ ባዶ መስመር፣ ሁሉንም "ስህተት" ብሎ ይቆጥርልሻል። ቁጥሩ ከፍ ካላለ ማን ይከፍላል? አሜሪካ ውስጥ የዋሽንግተን ግዛት ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2008 "ሬጅስትሪ ክሊነር ኤክስፒ" የሚባል ሶፍትዌር የሚሸጠውን ድርጅት በዚሁ በማስፈራራት ንግድ ከሶታል። የሰው ኮምፒውተር ላይ ድንገት ብቅ የሚል የአደጋ ማስጠንቀቂያ ይልኩና ከዚያ መድኃኒቱን ይሸጡለታል። የዛሬዎቹም ከዚያ ብዙ አልራቁም።

ማይክሮሶፍት ራሱ ሬጅስትሪ ክሊነር መጠቀምን አልደግፍም ብሎ በግልጽ ጽፏል። በዚህ ምክንያት የመጣ ችግር ሊጠገን እንደሚችልም ዋስትና አልሰጥም ይላል። የመዝገቡ ባለቤት እንዲህ ካለ እኔና ያ ልጅ ማን ነንና?

የጮቄ ልጅ

ኧረ አታጋኑት ወንድሜ። እኔ ሲክሊነር የሚባለውን ክሊነር ለዓመታት ስጠቀም ምንም አልሆንኩም። አንዴ እንዲያውም አንድ አንቲቫይረስ አጥፍቼ ሌላ ልጭን ስል "አሮጌው ገና አለ" እያለ አላስጭን አለኝ። ሬጅስትሪውን ባጸዳ ጊዜ ነው ነገሩ የተፈታው። ከመሰረዙ በፊት ደግሞ ባክአፕ ያዝ ብሎ ይጠይቃል። ሰው ባክአፕ ሳይዝ "እሺ፣ እሺ" እያለ ነክቶ ሲበላሽበት ጥፋቱ የሶፍትዌሩ ነው?

ደግሞ ካጸዳሁ በኋላ ፈጠን ይላል። የራሴን ኮምፒውተር እኔ አላውቀውም?

ማርቆስ ላይ ጠጋኝ

የጮቄ ልጅ፣ ፈጠን ማለቱን አልክድህም። ግን ያፈጠነው የቱ ነው? ሲክሊነር ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው ቴምፕ (ጊዜያዊ) ፋይልና የብሮውዘር ኮተት መጥረግ ነው። ዲስክህ ጢም ብሎ ከሞላ ይሄ በርግጥ ይጠቅማል፣ ዊንዶውስ መተንፈሻ ያገኛል። ይሄን ግን ዊንዶውስ ውስጥ ያለው ዲስክ ክሊንአፕ በነጻ ይሠራልሃል። ሁለተኛው ሬጅስትሪው ነው። ሁለቱን በአንድ ቀን ታደርግና ምስጋናው ለሬጅስትሪው ይሆናል። እስቲ አንድ ቀን ሬጅስትሪውን ብቻ አጽዳና ሰዓት ይዘህ ልዩነቱን ንገረኝ።

የአንቲቫይረሱን ነገር እቀበልሃለሁ፣ እንዲህ ያለ ነገር ያጋጥማል። ግን ለዚያ ሲባል ሙሉውን መዝገብ ለማያውቅ ማሽን አሳልፎ መስጠት ምን ያስፈልጋል። ትልልቆቹ አንቲቫይረሶች ቅሪታቸውን የሚያጠፋ የራሳቸው መሣሪያ አላቸው። እሱ ከሌለ ደግሞ ሬጅኤዲትን (የዊንዶውስን የራሱን የሬጅስትሪ መክፈቻ) ከፍተህ፣ የምታጠፋትን አንዷን ቁልፍ (የመዝገቡን ክፍል) መጀመሪያ ኤክስፖርት አድርገህ፣ እሷን ብቻ ታጠፋለህ። ምን እንደምታጠፋ አውቀህ ማለት ነው።

አሁን ወደ ጉዳቱ ልምጣ። እዚህ ደብረ ማርቆስ አንድ የሂሳብ ሠራተኛ ኮምፒውተሩን ይዞልኝ መጣ። የሂሳብ ፕሮግራሙ ትናንት ይሠራ ነበር፣ ዛሬ ሲነካው ስህተት ይጽፍና ይዘጋል። ፋይሎቹ አንዱም ሳይጎድል ቦታቸው ላይ አሉ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ የቆዩ ፕሮግራሞች ብዙ ትንንሽ ክፍሎች ይኖሯቸዋል። እያንዳንዱ ክፍል የት እንዳለ ሬጅስትሪ ላይ በረጅም መለያ ቁጥር ይመዘገባል። ክሊነሩ ያንን ምዝገባ አየና ማንም አይጠቀምበትም ብሎ ሰረዘው። ፕሮግራሙ ክፍሉን ሲጠራ ዊንዶውስ "አላውቀውም" አለው። ሰውየው የወሩ ግብር ማሳወቂያ ደርሶበት ላብ በላብ ሆኖ ነበር። ዳግመኛ በመጫን ዳነ። ዳታው በፍላሽ ተገልብጦ ባይኖር ምን ይውጠው ነበር?

ስለዚህ እህታለም ፓወር ግዕዝን የጠቀስሽው በደህና ጊዜ ነው። የጽሕፈት ሶፍትዌር፣ የቆየ የሂሳብ ፕሮግራም፣ የፕሪንተር ድራይቨር፣ መጀመሪያ የሚጎዱት እንደነዚህ ያሉት ናቸው።

ስለ ክራኩ ደግሞ አንድ ነገር። ትክክለኛው ሲክሊነር እንኳ እ.ኤ.አ. በ2017 ሰርጎ ገቦች የራሱን ካምፓኒ ዘልቀው 5.33 የሚባለው ቨርዥን ውስጥ ቫይረስ ከተውበት፣ ከ2 ሚሊዮን በላይ ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ ተገኝቷል። ከባለቤቱ ድረ ገጽ የወረደው እንዲህ ከሆነ፣ ከማን እጅ እንደመጣ ያልታወቀ፣ በፍላሽ የዞረ ክራክማ… ለዚያውም ስትጭኚው ሙሉ ሥልጣን ሰጥተሽው ነው።

ሞጣዋ የአይሲቲ መምህርት

ሁላችሁም ስለ ክሊነሩ ተከራከራችሁ፣ የልጅቱ ኮምፒውተር ለምን እንደዘገየ የጠየቀ ግን የለም።

እህቴ፣ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኚ። ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ኮምፒውተሩ ሲንቀረፈፍ ዲስክ የሚለውና ሜሞሪ የሚለው ስንት ፐርሰንት እንደሆነ እዪና ንገሪን። ዲስኩ 100 ላይ ተተክሎ ከቀረ ነገሩ ሌላ ነው። ስታርትአፕ የሚለውን ደግሞ ክፈቺና ሲነሳ አብሮ የሚነሳውን የማትፈልጊውን ሁሉ ዲሴብል በይው። ይሄ ምንም አይሰርዝም፣ መልሰሽ ማብራት ትችያለሽ።

ሌላው ቫይረስ ነው። የጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር የሰው ሁሉ ፍላሽ ይገባበታል። እኔም ትምህርት ቤት ላብ ውስጥ የምታገለው ከዚሁ ጋር ነው። ፋይሉን ደብቆ ሾርትከት እያደረገ የሚያሳየው ዓይነት መቼም ያልገጠመው የለም። እነዚህ ቫይረሶች ብዙ ጊዜ ሬጅስትሪ ውስጥ ራን በሚባለው ቁልፍ ስማቸውን ያስመዘግባሉ፣ ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር አብረው እንዲነሱ። ክሊነሩ ታዲያ እነሱን አይነካም! ለምን ቢባል ምዝገባው ትክክል ነው፣ የሚጠቁመው ፋይልም አለ። ምንም የማያደርገውን የሞተ መስመር ይጠርግና ሌባውን እቤት ይተወዋል። የዊንዶውስን የራሱን አንቲቫይረስ ዊንዶውስ ዲፌንደርን አድሺው፣ ከዚያ ኦፍላይን ስካን የሚለውን አስነሺ። ሪስታርት አድርጎ ዊንዶውስ ሳይነሳ በፊት ይፈትሻል።

መብራትም አለ እንጂ። ድንገት ድርግም ባለ ቁጥር ሃርድ ዲስኩ ሊጎዳ ይችላል። ሬጅስትሪውስ ቢሆን አጠገቡ የሎግ ፋይሎች አሉት፣ ሲጽፍ ተቋርጦ እንደሆነ በነሱ ራሱን ለማስተካከል ይሞክራል። የተበላሸን ዲስክ ግን ማን ያስተካክለዋል? ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚያቆይ ባትሪ) ከሌለሽ ከክሊነሩ ዶላር በፊት ስለ እሱ አስቢ።

የፍኖተ ሰላሟ ጸሐፊ

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። አየሁት። ዎርድ ስከፍት ዲስክ የሚለው 100 ይሆንና ቀይ ሆኖ ይቆያል። ሜሞሪው 80 አካባቢ ነው። ስታርትአፕ ውስጥ የማላውቀው ኮተት ሞልቷል፣ አብዛኛውን አጠፋሁት፣ ትንሽ ቀለል ብሏታል። ሳጥኑ አጠገብ ጆሮዬን ሳደርግ ደግሞ ቅጭ ቅጭ የሚል ድምፅ አለ። ይሄ ምንድን ነው? የማላስታውሰው ነገር ቢኖር ደግሞ ልጁ በመጀመሪያው ቀን በነጻ የሚያጸዳውን ትንሽ ነገር አጽድቶ ይሆን እንዴ? አሁን ሁሉም ይሠራል፣ ስካነሩ ብቻ አልገናኝ ብሏል።

ማርቆስ ላይ ጠጋኝ

ቅጭ ቅጭ ካለ ሌላውን ሁሉ ተዪው። የሰው ሥራና የራስሽን ፋይል ዛሬውኑ ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ ገልብጪ። ከዚያ በኋላ ነው ሌላው ወሬ። ያ ዲስክ ሊሞት ይሆናል፣ ከሞተ ደግሞ የሰውን አደራ ከውስጡ ማውጣት በጣም ከባድ ነው።

የስካነሩን ጉዳይ እንዲህ አድርጊ። ክሊነሩን ራሱን ክፈቺና ሪስቶር ወይም ባክአፕ የሚል ነገር ካለው የሰረዘውን መልሺ። ከሌለው መፈለጊያው ላይ "ሪስቶር ፖይንት" (ዊንዶውስ ወደ ኋላ የሚመለስበት ነጥብ) ብለሽ ጻፊና ልጁ ከመምጣቱ በፊት የተያዘ ካለ ወደ እሱ ተመለሽ። ዊንዶውስ 10 ላይ ይሄ ነገር ብዙ ጊዜ ጠፍቶ ነው የሚገኘው፣ ካላገኘሽ አትደንግጪ። ድሮ ዊንዶውስ በራሱ የሬጅስትሪ ኮፒ ይይዝ ነበር። 1803 ከሚባለው የዊንዶውስ 10 ቨርዥን ወዲህ ያንን ትቶታል፣ ፎልደሩ አለ፣ ፋይሎቹ ባዶ ናቸው። ሁለቱም ካልሆነ የስካነሩን ድራይቨር አጥፍቶ እንደገና መጫን ነው፣ ቀላል ነው። ክሊነሩን ግን ከመለስሽ በኋላ አጥፊው እንጂ በፊት አታጥፊ፣ ባክአፑ አብሮ ሊጠፋ ይችላል።

የጮቄ ልጅ

እሺ ስለ ዲስኩ አልከራከርም፣ ድምፅ ካለው በእውነት አልቆለታል። በኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ነገር በሌለው ፈጣን ዲስክ) ይቀየርላት። እኔም የድሮ ላፕቶፕ ቀይሬ አይቻለሁ፣ አዲስ ነው የሚመስለው። የሲክሊነሩን ግን እናንተ በሌላችሁበት እጠቀማለሁ 😄

ጣና ዳር

ተጠቀም፣ ማን ከለከለህ። ባክአፑን ብቻ እንዳትረሳ።

እህታለም፣ ኤስኤስዲ ስትገዢ ትልቅ አያስፈልግሽም፣ ለጽሕፈት ቤት 240 ጊጋ ይበቃል፣ በአሁኑ ዲስክ ላይ የያዝሽው ከዚያ ካነሰ። አሮጌው ዲስክ ገና የሚነበብ ከሆነ ክሎን ይደረግና (እንዳለ ወደ አዲሱ ይገለበጥና) ፓወር ግዕዝሽም ፕሪንተርሽም እንዳሉ ይመጣሉ፣ እንደ አዲስ መጫን ላያስፈልግ ይችላል። ራሙንም ወደ 8 ካሳደግሽው ዎርድና ብሮውዘር አብረው ሲከፈቱ አይጨናነቅም። አንድ ነገር ግን እወቂ፣ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ላይ አብቅቷል። ለተራዘመው የደኅንነት ማሻሻያ ካልተመዘገብሽ ማሻሻያው አይመጣልሽም፣ ስለዚህ የሰው ፍላሽ ሳትፈትሺ አትክፈቺ።

የፍኖተ ሰላሟ ጸሐፊ

ፋይሉን አሁን እየገለበጥኩ ነው፣ ሦስት ሰዓት ይቀረዋል ይላል። የስካነሩ ድራይቨር በክሊነሩ ባክአፕ ተመለሰ፣ ሪስታርት ሳደርግ ተገናኘ። ክሎን የሚያደርግ ሰው ባሕር ዳር ካለ ወይ ቡሬ፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ልጁ ነገ ሲመጣ የሚከፈለውን በሌላ ሥራ አካክሰዋለሁ፣ ገመዱን የሚያስተካክልልኝ አጥቼ ነበር።