በሳተላይት ምስል ያየሁት መስመር ንቁ ፎልት መሆኑን በምን ልወቅ?

ካርታ አንሺዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የመመረቂያ ጽሑፌ ንቁ ፎልቶችን (አሁንም ሊንቀሳቀሱ የሚችሉ የመሬት ስንጥቆችን) ከሳተላይት ምስል ስለመለየት ነው። ከኤስአርቲኤም (ከጠፈር በራዳር የተለካ፣ አንዱ ፒክስል 30 ሜትር የሆነ የመሬት ከፍታ ዳታ) ሂልሼድ፣ ማለትም ከአንድ ወገን ብርሃን የበራበት የሚመስል የጥላ ካርታ፣ ሠርቼ 41 መስመር አወጣሁ። አንዷ ግን ልቤን ወስዳዋለች። 9 ኪሎ ሜትር ያህል ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ከዚያ በ12 ቀን የሚራራቁ ሁለት የሴንቲኔል-1 ራዳር ሳተላይት ምስሎች አውርጄ ኢንተርፌሮግራም (በሁለቱ መካከል መሬቱ የተንቀሳቀሰውን በቀለም የሚያሳይ ምስል) ሠራሁ። መስመሯ አጠገብ አንድ ሙሉ የቀለም ዑደት አለ። 2.8 ሴንቲ ሜትር ተንቀሳቅሷል ማለት ነው! ያን ሌሊት በደስታ አልተኛሁም። አድቫይዘሬ ግን ረቂቁ ዳር ላይ በቀይ «እና?» ብቻ ጽፈው መለሱልኝ። ምን ጎደለኝ?

አሮጌ መዶሻ፦
እህቴ፣ ብርሃኑን ከየት አቅጣጫ ነው ያበራሽው? መስመሮቹስ ወዴት ነው የሚሄዱት?

ካርታ አንሺዋ፦
ሶፍትዌሩ ራሱ እንደሰጠኝ ነው፣ 315 ዲግሪ። መስመሮቹ... አሁን ሳያቸው ሁሉም ማለት ይቻላል ከሰሜን ምሥራቅ ወደ ደቡብ ምዕራብ ናቸው። ጥሩ ምልክት አይደለም እንዴ?

አሮጌ መዶሻ፦
እሱን ፈርቼ ነው የጠየቅኩሽ። በ315 ብርሃኑ የሚመጣው ከሰሜን ምዕራብ ነው። ብርሃኑን አግድም የሚቆርጥ ገደል ጎልቶ ይወጣል፤ ከብርሃኑ ጋር አብሮ የሚሄደው ይጠፋል። በ0፣ በ45 እና በ90 ዲግሪም አብሪና እንደ አዲስ ሳዪ። የድሮዎቹን መስመሮች ደብቂያቸው፤ ዓይን አንዴ ያየውን ደግሞ ማየት ይወዳል።

ተማሪ ሳለሁ በጣም የምኮራበት ፎልት ነበረኝ። መስክ ስወርድ የውሃ ቧንቧ የተቀበረበት ሆኖ አገኘሁት። ሾፌራችን እስካሁን ሲያየኝ ይስቃል።

ደግሞ ቀጥ ያለ መስመር ዕድሜውን አይናገርም። ንቁ ለማለት ብዙ ጊዜ ባለፉት 10 ሺህ ዓመታት ገደማ መንቀሳቀሱን የሚያሳይ ማስረጃ ይፈለጋል። መስመርሽ የቅርብ ዘመን ደለል ትቆርጣለች? ጅረቶች ሲሻገሯት ይታጠፋሉ? አንዱ ቢታጠፍ ምንም አይደል። አምስት ስድስቱ ወደ አንድ ወገን ከታጠፉ እንነጋገራለን። ይህን በ30 ሜትር ዳታ አታገኚውም፤ 3 ሜትር ከፍታ ያለው እርከን ፒክስሉ ውስጥ ይዋጣል። ጥራት ያለው ምስል ፈልጊ።

ራዳሩ፦
ስለ ኢንተርፌሮግራሙ እኔ ልጨምር። ስሌትሽ ልክ ነው፤ የራዳሩ ሞገድ 5.6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ደርሶ መልስ ስለሚጓዝ አንድ ዑደት ግማሹ ነው። ግን የአብዛኛው ፎልት እንቅስቃሴ በዓመት በሚሊ ሜትር ነው የሚቆጠረው። በ12 ቀን ያን ያህል ከሄደ መንቀጥቀጡ ቀድሞ ይነግርሽ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 አፋር ዳባሁ ላይ 60 ኪሎ ሜትር ያህል መሬት እስከ 8 ሜትር ሲከፈት ራዳሩ ቁልጭ አድርጎ አሳይቶታል። እዚያ ግን ማግማ (የቀለጠ አለት) ገብቶበት ነው።

ቀለሙ የተራራውን ቅርጽ ከተከተለ የአየር እርጥበትን ጠርጥሪ። የሁለተኛውን ቀን ምስል ከሚቀጥለው ጋር አጣምሪው። ቀለሙ ከተገለበጠ አለቀ፣ የዚያ ቀን አየር ነው። እውነተኛውን ፍጥነት ለማግኘት የብዙ ዓመት ምስል መደርደር አለብሽ። ምንም ባይታይም ሞቷል አትበዪ፤ የተቆለፈ (ሁለት ወገኑ ተጣብቆ የቆመ) ፎልት ለመቶ ዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ይቀመጣል።

ካርታ አንሺዋ፦
ተመለስኩ። ከ41ዱ 17ቱን ድጋሚ ስስል አላገኘኋቸውም፣ 6 አዲስ መጡ። ቀለሙም ተገለበጠ። ለካ ያን ሌሊት እንቅልፍ ያጣሁት ለእርጥበት ነው! ያቺ የ9 ኪሎ ሜትሯ ግን በአራቱም አቅጣጫ ታየች። ሰባት ጅረቶች ያቋርጧታል። አራቱ ወደ ግራ ታጥፈዋል፣ ሁለቱ ቀጥ ብለው ያልፋሉ፣ አንዱ ወደ ቀኝ።

አሮጌ መዶሻ፦
ወደ ቀኝ የታጠፈው የትኛው ነው? ስክሪንሾት ላኪ።