የላሊበላ ጉዟችንን ፎቶዎች እንዴት እናዳርስ?

ጥያቄ፦ ለገና በዓል ወደ ላሊበላ አብረን የተጓዝን 23 ሰዎች ያነሳናቸው ፎቶዎች በየስልካችን ተበታትነው ቀርተዋል። በቴሌግራም ቡድናችን የላክሁት የቤተ ጊዮርጊስ ፎቶ ሰፋ ተደርጎ ሲታይ፣ በጣሪያው ላይ የተፈለፈለው ድርብርብ መስቀል ደብዝዞ አሳዘነኝ፤ ጥራቱ ሳይቀንስ ለሁሉም የማዳርስበትን መንገድ ብትጠቁሙኝ አመሰግናለሁ።

መልስ 1፦ ቴሌግራም በተለመደው መንገድ የተላከን ፎቶ ስለሚያሳንሰው፣ «ፋይል» የሚለውን መርጠው ይላኩት፤ አንዱ ፋይል እስከ 2 ጊጋባይት ቢሆን እንኳ እንዳለ ይደርሳል።

መልስ 2፦ ተጓዡ ሁሉ የየራሱን እንዲጨምርበት በጉግል ፎቶስ የጋራ አልበም ቢከፍቱ ይሻላል። ነጻው 15 ጊጋባይት ከጂሜይል ጋር የሚጋራ በመሆኑ ግን ቶሎ ይሞላል።

መልስ 3፦ ነጠላቸውን አጣፍተው ሲጸልዩ የተነሱ እናቶችን ፎቶ ከማጋራትዎ በፊት እባክዎ ፈቃዳቸውን ይጠይቁ። ዘመናዊ ስልክ ለሌላቸው አረጋውያን ደግሞ አሳትመው ቢሰጧቸው ደስታቸው ወደር አይኖረውም።