መጋረጃው ለምን 15 ደቂቃ ዘግይቶ ይከፈት ነበር?

ጥያቄ፦ የመድረክ ወዳጅ

በኒው ዮርክ ብሮድዌይ ትርኢቶች በተለምዶ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ሲጀምሩ፣ «ፎርቲ ሰከንድ ስትሪት» የተባለው ሙዚቃዊ ተውኔት በ1980ዎቹ መጨረሻ ሆን ተብሎ በ2 ሰዓት ከሩብ ይጀምር እንደነበር አንብቤአለሁ። (ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ሰዓቱን ግን በእኛ ጽፌዋለሁ።) ሩብ ሰዓት መዘግየት ምን ጥቅም ነበረው? ባልተለመደ ሰዓት የታዩ ሌሎች ሥራዎችን የምታውቁ ካላችሁም ብታካፍሉኝ ደስ ይለኛል።

መልስ፦ አሮጌው ፕሮግራም

ምክንያቱ ከመንገዱ ማዶ ነበር። ተውኔቱ በ44ኛው ጎዳና ባለው ሴንት ጄምስ ቴአትር እየታየ ሳለ፣ በጥር 1988 ፊት ለፊቱ ባለው ማጀስቲክ «ዘ ፋንተም ኦቭ ዘ ኦፔራ» ጀመረና ትኬቱ የማይገኝ ሆነ። ፕሮዲዩሰሩ ዴቪድ ሜሪክ፣ ትኬት ያጣው ሰው መንገዱን ተሻግሮ ወደ እርሱ ቴአትር ለመግባት ጊዜ እንዲኖረው የመጀመሪያውን ሰዓት ገፋ አደረገው። በእንግሊዝኛ «የቅርብ ጊዜ» እና «ከሁሉ የዘገየ» በአንድ ቃል ስለሚነገሩም፣ ከ1980 ጀምሮ ሲታይ የኖረውን ሥራ በዚሁ ቃል አስተዋወቀው።

ይኸው ሰው በ1962 መባቻ የፈጸመው ግን ከዚህ የባሰ ነው። «ሰብዌይስ አር ፎር ስሊፒንግ» የተባለው ትርኢቱ ከሐያሲያን ሞቅ ያለ ምስጋና ባላገኘ ጊዜ፣ የከተማውን ሰባት ዋና ዋና ሐያሲያን ስም የያዙ ሰባት ተራ ነዋሪዎችን ፈልጎ ትርኢቱን ጋበዛቸው፤ በስማቸውም የውዳሴ ቃል ከፎቶግራፋቸው ጋር በጋዜጣ አወጣ። ሐሳቡ የቆየ ቢሆንም፣ ሞክሼ ያልተገኘለት የኒው ዮርክ ታይምሱ ብሩክስ አትኪንሰን ከሐያሲነቱ እስኪለቅ መጠበቅ ነበረበት።

መልስ፦ ሦስተኛ ረድፍ

ሁለቱን ነገሮች አንድ ላይ ማየት የሚገባን አይመስለኝም። ሰዓት መለወጥ ማንንም አያታልልም፤ የሐያሲን ስም መዋስ ግን ገንዘቡን ከፍሎ የሚገባውን ተመልካች ማሳሳት ነው፣ ፎቶግራፍ ቢታተምበትም እንኳ።

ያልተለመደ ሰዓትን በተመለከተ እኔ የምወደው ምሳሌ በ1921 የታየው «ሻፍል አሎንግ» ነው። ጥቁር አሜሪካውያን የደረሱትና የተጫወቱት ይህ ሙዚቃዊ ተውኔት ከዋናው የቴአትር ሰፈር ራቅ ባለው በ63ኛው ጎዳና ይታይ ስለነበር፣ ረቡዕ ረቡዕ እኩለ ሌሊት ላይ ትርኢት ጨመሩ፤ በዚህም በሌሎች ቴአትር ቤቶች የሚሠሩ ተዋንያን የራሳቸውን ሥራ ጨርሰው መጥተው ማየት ቻሉ። የሙያው ሰዎች ያዩትን በየደረሱበት ሲያወሩ ከማንኛውም ማስታወቂያ ይበልጣል።

የዩጂን ኦኒል «ስትሬንጅ ኢንተርሉድ» ደግሞ ዘጠኝ ገቢር ያለው በመሆኑ በ1928 ከቀኑ 11 ሰዓት አለፍ ሲል ጀምሮ፣ በመካከሉ ለእራት ተቋርጦ፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት ገደማ ያበቃ ነበር።

መልስ፦ አሮጌው ፕሮግራም

ስለ እራቱ አንድ ነገር ልጨምር። በ1929 የቦስተን ከንቲባ ይህንን ተውኔት ሲከለክል፣ ትርኢቱ ወደ ጎረቤት ከተማ ወደ ኩዊንሲ ተዛወረ። በእረፍቱ ሰዓት የተራበው ተመልካች ከቴአትር ቤቱ አጠገብ ወዳለው የሃዋርድ ጆንሰን ምግብ ቤት ይጎርፍ ነበር፤ ያ ስም በኋላ በመላው አሜሪካ አውራ ጎዳናዎች የታወቀ የምግብ ቤቶች ሰንሰለት ሆነ።