ኮምቦልቻ የምትነድድ ፓይለት ደሴ ላይ ለምን ትጠፋለች?

የጉድጓድ ሠራተኛ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሥራዬ የውሃ ጉድጓድ ቁፋሮ መከታተል ስለሆነ ከወሩ እኩሌታ በላይ የማድረው መኪናዬ ውስጥ ነው። መኪናው አልጋ፣ የጋዝ ምድጃና የጋዝ ማሞቂያ ያለው አሮጌ የአሜሪካ የጉዞ መኪና ነው፤ ወደ አገሩ ከሚመለስ ሰው ነው የገዛሁት። ማሞቂያው በፓይለት ይሠራል። አንዲት ትንሽ እሳት ሁልጊዜ ትነድዳለች፣ ክፍሉ ሲቀዘቅዝ ዋናውን እሳት የምትለኩሰው እርሷ ናት።

ኮምቦልቻ ሳድር ፓይለቷን ለኩሼ ቁልፉን አንድ ደቂቃ ያህል ተጭኜ ስለቀው ትቆያለች። በማግስቱ ዳገቱን ወጥቼ ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ስቆም ግን ወይ ጣቴን እንዳነሳሁ ትጠፋለች፣ ወይ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ብርዱ ሲቀሰቅሰኝ ጠፍታ አገኛታለሁ። የደሴን የኅዳር ሌሊት ለምታውቁ ብዙ ማለት አያስፈልገኝም። ከዚያው ሲሊንደር ጋዝ የሚያገኘው ምድጃ በደንብ ይነድዳል። ፓይለቷ ከሽንብራ ፍሬ ብዙም አትበልጥም፣ ጫፏም ቢጫ ነው። አንድ ባለሙያ ማሞቂያውን በሙሉ ቀይረው ብሎኛል፤ ዋጋው ከአቅሜ በላይ ነው። ምክንያቱ የደሴ ከፍታ ይሆን? ከምን ልጀምር?

የቦርከና መካኒክ፦
ወንድሜ፣ ማሞቂያውን አትቀይር። መልሱን ራስህ ጽፈኸዋል፤ ትንሽ ነች፣ ቢጫ ነች ብለሃል።

ፓይለቷ አጠገብ እንደ እርሳስ ቀጭን የሆነ የብረት ዘንግ አለ፤ ቴርሞካፕል ይባላል። ሁለት የተለያዩ ብረቶች ጫፍ ለጫፍ ተጋጥመው የተሠራ ነው። ጫፉ ሲግል ጥቂት ኤሌክትሪክ ያመነጫል፣ ያች ኤሌክትሪክ ቫልቩ ውስጥ ያለውን ማግኔት ይዛ የጋዙን መንገድ ክፍት ታደርገዋለች። ጫፉ ከቀዘቀዘ ማግኔቱ ይለቃል፣ ጋዙም ይዘጋል። ቫልቩ ጋዙን የሚዘጋብህ ሊጠብቅህ ብሎ ነው፤ ስለዚህ ማንም ሰው ቁልፉን በሽቦ አስረህ ተወው ቢልህ እንዳትሰማው።

ጤነኛ ፓይለት ሰማያዊ ነች፣ የቴርሞካፕሉንም ጫፍ ወደ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ታቅፈዋለች። ያንተዋ ቆሻሻ ይዟት ጫፉን በጭንቅ የምትነካው ይመስለኛል። መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ካለህ ቴርሞካፕሉን ከቫልቩ ፍታው፣ ሌላ ሰው ቁልፉን ተጭኖ እሳቷን ይያዝልህ፣ አንተ ደግሞ ለካ። ከ25 እስከ 30 ሚሊቮልት ካሳየህ ደህና ነው። ከ20 በታች ከሆነ ወይ እሳቷ ደካማ ነች ወይ ቴርሞካፕሉ አርጅቷል።

ደጋግመህ ስትለኩስ ደግሞ በየመሃሉ ቢያንስ 5 ደቂቃ ጠብቅ፣ በሩንም ክፈት። ፕሮፔን ከአየር ይከብዳል፤ ወደ ላይ አይበንንም፣ ወለሉ ላይ ይተኛል።

የፊዚክስ መምህር (ደሴ)፦
ከፍታውን ስለጠየቁ በቁጥር ልመልስልዎት። ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር፣ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር ኮምቦልቻ ላይ 80 በመቶ፣ ደሴ ላይ 75 በመቶ ገደማ ነው። አየሩ ሲሳሳ እሳቱ የሚያገኘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። በአሜሪካ የጋዝ መሣሪያዎች አሠራር ከ600 ሜትር በላይ ለሆነ ቦታ፣ ከባሕር ወለል ጀምሮ በየ300 ሜትሩ የመሣሪያው ኃይል በ4 በመቶ እንዲቀነስ የሚያዝ የቆየ ልማድ አለ፤ ለደሴ ሲሰላ ሲሶ ያህል ይሆናል።

ይሁን እንጂ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ልዩነት ጤነኛ ፓይለትን ለማጥፋት አይበቃም። ከፍታው የሚያደርገው ቀድሞም የነበረውን ድካም መግለጥ ነው። መካኒኩ ያሉት ቆሻሻ ኮምቦልቻ ላይም አለ፤ እዚያ ግን እሳቷ በጭንቅም ቢሆን ትበቃለች።

አንድ ነገር ያረጋግጡልኝ። ማሞቂያው የሚነድደው ክፍሉ ውስጥ ካለው አየር ነው ወይስ ከውጭ ስቦ ወደ ውጭ የሚያስወጣ ነው? ክፍል ውስጥ የሚቀመጡ አንዳንድ ተንቀሳቃሽ ማሞቂያዎች የኦክስጅን መጠን የሚቆጣጠር ፓይለት አላቸው፤ ከ2,100 ሜትር በላይ ሲወጡ ምንም ሳይበላሹ ራሳቸውን ሊያጠፉ ይችላሉ። የእርስዎ እንደዚያ ከሆነ ማጽዳት አይፈታውም።

የጉድጓድ ሠራተኛ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ መምህር። ከውጭ ስቦ ወደ ውጭ የሚያስወጣ ነው፤ በመኪናው ጎን ሁለት ክብ ቀዳዳዎች አሉት።

ጋዝ ሻጯ፦
እኔ የምጠረጥረው ጋዙን ነው። በሲሊንደር የሚሸጥልን የምግብ ማብሰያ ጋዝ የቡቴንና የፕሮፔን ድብልቅ ነው። ፕሮፔን ከዜሮ በታች 42 ዲግሪም ላይ ይተናል፤ ቡቴን ግን ዜሮ አካባቢ ሲደርስ መትነኑን ያቆማል። ሲሊንደሩ እየጎደለ ሲሄድ አስቀድሞ የሚያልቀው ፕሮፔኑ ነው፤ ከታች የሚቀርልዎት ብርድ የማይችለው ነው። የእርስዎ መኪና የተሠራው ለንጹሕ ፕሮፔን ይመስለኛል። ምድጃው በደንብ ይነድዳል ያሉት በስንት ሰዓት ሞክረውት ነው?

የጉድጓድ ሠራተኛ፦
እራት ስሠራ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ነው። ሌሊት ሞክሬው አላውቅም።

ጋዝ ሻጯ፦
እንግዲያው ፓይለቷ ስትጠፋ በዚያው ሰዓት ምድጃውን ይለኩሱት፤ ግን አስቀድመው በሩን ከፍተው ያናፍሱ። ምድጃውም ከደከመ ጥፋቱ የጋዙ ነው። ምድጃው እንደ ምሽቱ ከነደደ ግን እኔ ተሳስቻለሁ፣ መካኒኩን ይስሙ።

መንገደኛ 7፦
የፓይለቷን ቀዳዳ በመርፌ ሰፋ አድርገው። እሳቷ ትጨምራለች።

የቦርከና መካኒክ፦
መርፌ እንዳይነካው! ያ ቀዳዳ በልክ የተበሳ ነው። ጥቂት ከሰፋ ጋዙ ይበዛል፣ አየሩ ያው ነው፣ እሳቱ ጭራሽ ቢጫ ይሆናል፣ ጥላሸትም ይሞላል። ከዚያ በኋላ የሚያስፈልግህ አዲስ ዕቃ ነው፤ እዚህ ደግሞ በቀላሉ አታገኘውም። ሲሊንደሩን ዝጋ፣ የፓይለቷን ክፍል ፍታና አውጣ፣ ብርጭቆ ውስጥ አልኮል አድርገህ ንከረው፣ ከዚያ ጎሚስታ ቤት ወስደህ በአየር አስነፋው። አየሩን ከቫልቩ ጋር ተገጥሞ ሳለ እንዳትነፋበት፣ ቫልቩን ይገድለዋል። ብዙ ጊዜ ውስጡ የሚገኘው የሸረሪት ድር ነው። ቴርሞካፕሉንም ጫፉን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብለህ ጥረገው። ስትገጥመው በእጅህ እስኪጠብቅ አዙረውና በመፍቻ ሩብ ዙር ብቻ ጨምርለት። የከፈትከውን መገጣጠሚያ ሁሉ በሳሙና አረፋ ፈትሸው፤ አረፋው ከተነፋ ጋዝ እየወጣ ነው።

መንገደኛ 7፦
መርፌውን ተውኩት፣ ስህተቴ ነው። እስኪጠገን ድረስ ግን የከሰል ምድጃ አስገብቶ ቢያድርስ?

ነርስ (ደሴ)፦
ወንድሜ፣ ይህን ምክር ለማንም አትስጥ። እለምንሃለሁ። በብርዱ ወራት ከሰል አስገብተው በር ዘግተው ተኝተው የሚመጡልን ሰዎች አሉ፤ አንዳንዶቹ ቤተሰብ ሙሉ ናቸው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ አይታይም። ደም ውስጥ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይያያዛል። ነቅቶ ያለ ሰው ራሱን ያመዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ወደ ውጭ ይወጣል፤ የተኛ ሰው ግን አይነቃም። መኪና ደግሞ ከአንድ ጠባብ ክፍል ያነሰ ነው። ፍሙ አመድ ለብሶ ጭሱ ቢጠፋ እንኳን መርዙ አይጠፋም።

ጠያቂውንም አንድ ነገር ልለምን። ቢጫ እሳት ጋዙ በደንብ እንዳልተቃጠለ ምልክት ነውና መኪናው ውስጥ ካደሩ በኋላ ራስዎን አሞዎት ያውቃል? ካመመዎት ማሞቂያው እስኪመረመር ድረስ አያብሩት።

የጉድጓድ ሠራተኛ፦
እህቴ፣ ራስ ምታት የለኝም፤ ስለጠየቅሽኝ አመሰግናለሁ። ከሰልም አላስገባም።

የሠራሁትን ልንገራችሁ። ትናንት ሌሊት 9 ሰዓት ተኩል ላይ ፓይለቷ ጠፋች። በሩን ከፍቼ አናፍሼ ምድጃውን ለኮስኩት፤ እንደ ምሽቱ ነደደ። ስለዚህ ጋዙ አይደለም። ጠዋት መልቲሜትር ተውሼ ለካሁ፦ 11 ሚሊቮልት። የፓይለቷን ክፍል ስፈታው መካኒኩ እንዳሉት ነው፤ አየር የምትስብበት ጎን ላይ ያለችው ቀዳዳ በድርና በአቧራ ተደፍናለች። ነክሬ፣ ጎሚስታ ቤት አስነፍቼ፣ ቴርሞካፕሉን ጠርጌ ገጠምኩት። አረፋ ሞከርኩ፣ የሚወጣ የለም። አሁን እሳቷ ሰማያዊ ነች፣ ትንሿ ጣቴን ታህላለች። 28 ሚሊቮልት ሰጠኝ፣ ይህም እዚሁ ደሴ ላይ።

የቦርከና መካኒክ፦
ተባረክ። አሁን ዋናው እሳት ሲነድድ በትንሿ መስኮት ተመልከት። ማራገቢያው ሲነሳ ነበልባሉ የሚወዛወዝ ወይም ቀለሙ የሚቀየር ከሆነ የሙቀት ማስተላለፊያው ብረት ተሰንጥቆ ይሆናል። እንደዚያ ካየህ አጥፋው፣ ወደ እኔም ሆነ ወደ ሌላ ባለሙያ አምጣው፤ ይህ በማጽዳት የሚፈታ አይደለም።

የጉድጓድ ሠራተኛ፦
አየሁት፤ ማራገቢያው ሲነሳም አልተንቀሳቀሰም። ሦስት ሌሊት አደርኩ። ሁለቱን ሌሊት እስኪነጋ ነደደች። በሦስተኛው ቧንቧ ውሃ ሰፈር በኩል ገላጣ ቦታ አቁሜ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ነፋስ በቀጥታ በሁለቱ ቀዳዳዎች በኩል ሲመታኝ ጠፋች።

የቦርከና መካኒክ፦
ነፋሱ ነው። ቀዳዳዎቹ ያሉበትን ጎን ከነፋሱ አዙረህ አቁም። የፓይለቷ ክፍል መዝጊያ ላይ ያለውንም ማሸጊያ እየው፤ ያረጀ ከሆነ ነፋሱ በዚያም ይገባል፣ ጭሱም ወደ ውስጥ ሊመለስ ይችላል።

የጉድጓድ ሠራተኛ፦
ማሸጊያው በግማሽ ተቆርጧል። ሙቀት የሚችል ማሸጊያና የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ደወል ከአዲስ አበባ እንዲላክልኝ አዝዣለሁ። እስኪደርሱ ድረስ ማታ ለአንድ ሰዓት ያህል አሙቄ፣ ከመተኛቴ በፊት ሲሊንደሩን ዘግቼ፣ በሁለት ጋቢ ነው የማድረው።