ከ60 በላይ ልጅ ባለበት ክፍል ድርሰትን በደረጃ ማስተማር ይቻላል?

ጠመኔዋ (ቱሉ ዲምቱ)

ሰላም ለሁላችሁም። ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ባለ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት 7ኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። ሦስት ሴክሽን እይዛለሁ፣ በእያንዳንዱ ከ60 በላይ ልጅ አለ።

መጻፍ የሚለው ክፍል ሲመጣ ደረጃዎቹ ይታወቃሉ። ሐሳብ ማሰባሰብ፣ ቢጋር (የጽሑፉን ንድፍ) ማውጣት፣ ረቂቅ መጻፍ፣ መከለስ፣ ማረም፣ ከዚያ ገልብጦ ማስረከብ። ወረቀት ላይ ያምራል። ክፍል ውስጥ ግን ርዕስ እሰጣለሁ፣ አቀርቅረው ይጽፋሉ፣ ደወል ይደወላል፣ ደብተር ይሰበሰባል፣ በቃ። «ይሄ ረቂቅ ነው፣ ከልሳችሁ አምጡ» ስላቸው ያንኑ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ ገልብጠው ያመጡልኛል። አንድ ቃል አይነካም።

አንዱ ልጅ «ሰፈሬ» በሚል ርዕስ የጻፈውን ላሳያችሁ፦

«የኔ ሰፈር በጣም ቆንጆ ነው። በሰፈሬ ብዙ ነገሮች አሉ። ሱቅ አለ። ትምህርት ቤት አለ። መንገድ አለ። ሰዎቹ ጥሩ ናቸው። ሰፈሬን በጣም እወዳታለሁ።»

ስሕተት የለውም። ግን ምንም የለውም! ይሄን ልጅ «ከልስ» ስለው ምን እንዲያደርግ ነው የምፈልገው? ደግሞስ በ40 ደቂቃ ፔሬድ ይሄ ሁሉ ደረጃ የት ይገባል? ያን ሁሉ ደብተርስ ማን ያርመዋል? የሞከራችሁ ካላችሁ እስቲ አካፍሉኝ።

ነጋሪት (ጀሞ)

እህቴ፣ እኔ ብሆን ከርዕሱ ነው የምጀምረው። «ሰፈሬ» ለ13 ዓመት ልጅ በጣም ሰፊ ነው። ሰፊ ርዕስ ስትሰጪው ከዚህ በፊት ያነበበውን ድርሰት ያስታውስና እሱን ይደግምልሻል። ጠበብ አድርጊው። «ውሃ የመጣ ሌሊት»፣ «የታክሲ ሰልፍ ላይ»፣ «ግቢያችን ውስጥ ድንኳን የተጣለ ቀን»፣ «የጅብ ድምፅ የሰማሁበት ምሽት»። ዳር ከተማ የሚኖር ልጅ ስለነዚህ የሚለው አያጣም።

ሁለተኛ፣ ከመጻፋቸው በፊት ያውሩ። በእረፍት ሰዓት እኮ አፋቸው አይዘጋም፣ እስክሪብቶ ሲይዙ ነው ዝም የሚሉት። ጥንድ ጥንድ ሆነው አንዱ ይናገር፣ ሌላው ደግሞ ሦስት ነገር ብቻ ይጠይቀው፦ የት ነበርክ? ማን ነበረ? ምን ተባለ? ለእያንዳንዳቸው አራት አራት ደቂቃ ይበቃል። ክፍሉ ይንጫጫል፣ ዩኒት ሊደሩም ብቅ ብሎ ሊያይሽ ይችላል። ይይ። ከዚያ መልሶቹን በነጠላ በነጠላ ቃል ደብተር ላይ ይጫሩ። ቢጋር የምንለው ለዚህ ዕድሜ ከዚህ ብዙም አይርቅም።

የኔ ተማሪ የጻፈችውን ልጥቀስልሽ። የመጀመሪያ ረቂቋ «በኛ ኮንዶሚኒየም የውሃ ችግር አለ። መንግሥት መፍትሔ ሊሰጠው ይገባል» የሚል ነበር። ጓደኛዋ ሦስቱን ጥያቄ ከጠየቀቻት በኋላ እንዲህ ሆነ፦

«ውሃ የሚመጣው ሌሊት ነው። ከታች ካለው ቧንቧ አልፎ ፎቅ አይወጣም። እናቴ ድምፁን ስትሰማ ‹ተነሱ!› ትላለች። እኔና እህቴ ጀሪካን ይዘን ከአራተኛ ፎቅ እንወርዳለን። ጎረቤቶቻችን በሌሊት ልብስ ተሰልፈዋል። ቀን ሰላም የማይባባሉ ሰዎች ሌሊት ይሳሳቃሉ።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ማንም አላስተማራትም። ጓደኛዋ «ማን ነበረ?» ባትላት ግን አትመጣም ነበር።

ቀይ እስክሪብቶ (ጡረታ የወጣሁ መምህር)

ልጄ፣ ነጋሪት ያለው ሁሉ ጥሩ ነው። እኔን ግን አንድ ነገር ያሳስበኛል። አሁን አሁን «ሐሳቡ ነው ዋናው» እየተባለ ልጁ አራት ነጥብ ሳያስቀምጥ አንድ ገጽ ይሞላል። ሁሉን በ«እና» ያያይዘዋል። «እና ሄድን እና በላን እና መጣን።» ነጠላ ሰረዝና ድርብ ሰረዝማ ጭራሽ ተረስተዋል። ፊደሉም እንደዚያው። ሀ እና ሐ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ እኩል ስለሚነበቡ ያሻውን ያነሳል። አዋቂውም ቢሆን ሁልጊዜ አይስማማበትም፣ ይሄን አውቃለሁ። ቢያንስ አንድን ቃል በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ሁለት ዓይነት አድርጎ አይጻፈው! «ፀሐይ» ብሎ ጀምሮ ሦስት መስመር ወረድ ሲል «ጸሀይ» ካለ መስመር አስምሩበት።

ስሕተት በጊዜ ካልታረመ ሥር ይሰዳል። ይሄን ዕድሜ ልኬን አይቻለሁ።

ቢጋር (አያት)

ጋሼ፣ አከብርዎታለሁ፤ ግን እርማቱ መቼ ይሁን የሚለው ላይ ልከራከርዎት። ይቀር አላልኩም፣ መጨረሻ ላይ ይሁን ነው የምለው። በመጀመሪያ ረቂቅ ላይ ቀይ ቀለም ያየ ልጅ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። የተሰመረበትን ቃል አስተካክሎ ይገለብጣል። ጠመኔዋ «አንድ ቃል አይነካም» ያለችው እኮ ከዚህ ሩቅ አይደለም። ከልስ ማለት ፊደል አስተካክል ማለት ነው ብለው ነው የሚያስቡት። ደግሞም ነገ ሊሰረዝ የሚችል ዓረፍተ ነገር ላይ ፊደል ማረም ድካም ነው።

ይሄ ክርክር እኛ ጋ የተጀመረ አይደለም። ዶናልድ መሪ የሚባል አሜሪካዊ ጸሐፊና መምህር እ.ኤ.አ. በ1972 ድርሰትን ባለቀ ሥራነቱ ሳይሆን በሂደቱ ማስተማር አለብን ብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 ደግሞ ሊንዳ ፍላወርና ጆን ሄይስ የሚባሉ ተመራማሪዎች፣ ሰዎች እየጻፉ የሚያስቡትን ጮክ ብለው እንዲናገሩ አድርገው ባጠኑት ላይ ተመሥርተው ሐሳባቸውን አወጡ። ያሉት ምንድን ነው፣ ጸሐፊ ደረጃዎቹን እንደ መሰላል አንድ በአንድ አይወጣም። እየጻፈ ያቅዳል፣ እየከለሰ አዲስ ሐሳብ ያገኛል፣ ተመልሶ ይሰርዛል። ስለዚህ «ዛሬ ረቂቅ ነው፣ ማሰብ ትናንት አልቋል» የሚባል ነገር የለም።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ ሁሉንም በአንድ ፔሬድ አታጭቂው። አንድ አንቀጽ ይበቃል፣ ሙሉ ድርሰት አይደለም። አንዱን አንቀጽ ለሁለት ሳምንት ያዥው፤ የሰዋስውና የንባብ ፔሬዶችሽ እንዳሉ ሆነው ከመካከላቸው አራት ፔሬድ ቀንሺለት። አንዱ ለወሬና ለጫር ጫር፣ አንዱ ለረቂቅ፣ አንዱ ለክለሳ፣ የመጨረሻው ጋሼ ላሉት እርማት። ያኔ ቀይ እስክሪብቶውን አውጪው፣ ያውም በልጆቹ እጅ።

ረቂቁን አንድ መስመር እየዘለሉ ይጻፉት። የሚጨመረው ነገር ቦታ ከሌለው ማንም አይጨምርም። ወላጅ ደብተር ባከነ ብሎ እንዳያጉረመርም የድሮ የፈተና ወረቀት ጀርባ መጠቀም ይቻላል።

የልጆች እናት (ሰሚት)

እኔ መምህር አይደለሁም፣ ወላጅ ነኝ። ይቅርታ አድርጉልኝና የልጄ ደብተር እንዲህ ስርዝ ድልዝ ሆኖ፣ እርማት ሳይኖረው ቢመጣ እኔም መምህሯ አታይም ማለት ነው እላለሁ። የ6ኛም የ8ኛም ክፍል ከተማ አቀፍ ፈተና ምርጫ ነው። አንድ አንቀጽ ላይ ሁለት ሳምንት? ለፈተናውስ ማን ያዘጋጅልኝ?

ነጋሪት (ጀሞ)

እናት፣ ጥያቄሽ ልክ ነው። ወላጅ ካልተነገረው እንዲህ ማሰቡ አይቀርም። እኔ ደብተሩ ሽፋን ውስጥ «ይህ የረቂቅ ደብተር ነው፣ ስርዝ ድልዙ የሥራው አካል ነው» የምትል ወረቀት አስለጥፋለሁ፣ ወላጅም ይፈርምበታል። ከዚያ ወዲህ ቅሬታ ቀንሷል፣ ጠፍቷል ግን አልልሽም።

ፈተናውን በተመለከተ፣ ምንባብ አውጥቶ የአንቀጹ ኃይለ ቃል (ዋናውን ሐሳብ የያዘው ዓረፍተ ነገር) የቱ ነው ብሎ የሚጠይቅ ምርጫ አለ አይደል? ራሱ ኃይለ ቃል ጽፎ፣ ሰርዞ፣ ቦታ ያዘዋወረ ልጅ እሱን ፈልጎ ለማግኘት አይቸገርም።

ሁለት ልሳን (ለገጣፎ)

ማንም ያላነሳው ነገር አለ። በኛ አካባቢ ብዙ ልጆች ቤታቸው አፋን ኦሮሞ ነው የሚናገሩት። በአማርኛ ፔሬድ ዝም የሚሉት ሐሳብ አጥተው አይደለም። በጥንድ ሲያወሩ በፈለጉት ቋንቋ ያውሩ። ረቂቁ ላይም ቃሉ ካልመጣላቸው በኦሮምኛ ይጻፉትና ያክብቡት፣ በክለሳው ቀን ከጓደኛ ወይም ካንቺ ጠይቀው ይተኩታል። ይሄን ከፈቀድኩ ወዲህ ሁለት መስመር ይጽፉ የነበሩት ግማሽ ገጽ እየጻፉ ነው። ጋሼ እንዳይቆጡኝ እንጂ!

ቀይ እስክሪብቶ

አልቆጣም። የመጨረሻው ቅጂ ጥርት ያለ አማርኛ ከሆነ መንገዱ የራሳችሁ ነው።

ጠመኔዋ (ቱሉ ዲምቱ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሁለት ነገር ግን አልተመለሰልኝም። አንደኛ፣ የእርማቱ ብዛት። ለአንድ ደብተር አምስት ደቂቃ ብሰጥ ለ180 ልጅ 15 ሰዓት ነው። ሁለተኛ፣ ቤት ወስደው ሲጽፉ ከስልክ ቀድተው ይመጣሉ። አሁንማ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ጥያቄ አስገብተው የሚመጡም አሉ። ባለፈው አንዱ «ከላይ በተጠቀሱት ነጥቦች መሠረት» ብሎ ጀመረልኝ፤ ከላይ ምንም የለም!

ቢጋር (አያት)

«ከላይ በተጠቀሱት» ገደለኝ! መፍትሔው ረቂቁን ክፍል ውስጥ ማስጻፍ ነው። ቤት የሚሄደው ጥያቄ ብቻ ይሁን። «አያትህን ጠይቅ፣ እዚህ ኮንዶሚኒየም ሳይሠራ ምን ነበር?» ብለሽ ላኪው። መልሱን ይዞ ይመጣል፣ ጽሑፉን አጠገብሽ ይጽፋል። ማርኩንም አከፋፍይው። ለተከታታይ ምዘናሽ ከ10 የምትይዢ ከሆነ ለጫር ጫሩ 2፣ ለረቂቁ 2፣ በክለሳ ለተለወጠው 4፣ ለመጨረሻው ቅጂ 2። ያለ ረቂቅ የመጣ ንጹሕ ድርሰት ከ2 በላይ አያገኝም። ከስልክ የቀዳ ልጅ ስርዝ ድልዙን ከየት ያመጣል? እሱንም ፎርጅድ የሚሠሩ አይጠፉም፣ ግን ያን ያህል ከለፋ እየጻፈ ነው ማለት ነው።

ነጋሪት (ጀሞ)

ስለ ብዛቱ እኔ ልመልስ። ሁሉንም አታንብቢ። በየዙሩ የአንድ ሦስተኛውን ሰብስቢ፣ በቀጣዩ ዙር ሌሎቹን። ስታነቢም አንድ ነገር ብቻ ፈልጊ፣ ግርጌው ላይ አንድ ጥያቄ ጽፈሽ መልሺ። «ሱቁ የማን ነው?» ብቻ። ለዚያ ልጅ «ሱቅ አለ» ላለው ይቺ ትበቃዋለች። አንድ ደቂቃ አትፈጅም።

ክለሳ ምን እንደሆነ ለማሳየት ደግሞ የራስሽን ጽሑፍ ሰሌዳ ላይ ጻፊ፣ ሆን ብለሽ ደረቅ አድርገሽ። ከዚያ ልጆቹ ይጠይቁሽ፣ አንቺ በጠመኔ ሰርዢ፣ ቀስት ሳቢ፣ ከመሀል አስገቢ። መምህር ሲሰርዝ አይተው አያውቁም። ከዚያ ሕጉ አንድ ነው፦ ክለሳ ማለት ቢያንስ አንድ ነገር መጨመር፣ አንድ ነገር ማውጣት፣ አንድ ነገር ከቦታው ማንሳት። ይሄን ያልሠራ አልከለሰም። የልጅ ጽሑፍ ለምሳሌ ከወሰድሽ ስሙን አጥፊና ካለፈው ዓመት ውሰጂ። የዚህ ዓመቱን ካነሳሽ የማን እንደሆነ ወዲያው ያውቃሉ፣ ልጁም ይሸማቀቃል።

ጠመኔዋ (ቱሉ ዲምቱ)

ጎሽ፣ ይሄ ገባኝ። ሰኞ በአንዱ ሴክሽን ብቻ ልጀምር ነው፣ ሦስቱንም አንድ ላይ አልደፍርም። ርዕሱ «የታክሲ ሰልፍ ላይ»። አንድ ትንሽ ጥያቄ፣ ረቂቆቹ ልጆቹ ጋ ይቀመጡ ወይስ እኔ ልያዛቸው?

ሁለት ልሳን (ለገጣፎ)

አንቺ ያዢያቸው። እነሱ ጋ ከቀረ ግማሹ በክለሳው ቀን «ቤት ረሳሁት» ይልሻል። አንድ ካርቶን ለአንድ ሴክሽን፣ በየረድፉ እያሰርሽ አስቀምጪ። አለቃዋ ታድል፣ አለቃዋ ትሰብስብ። ካርቶኑን ግን ስታፍ ሩም አትተዪው፣ ወረቀት የቸገረው ሁሉ ይመዝበታል።