ሎጂክ ፈተና ላይ ኮንክሉዥኑን (መደምደሚያውን) መለየት አቃተኝ፤ እርዱኝ

ሰላም ወንድምና እህቶቼ። ከለገጣፎ በመገናኛ እየተመላለስኩ የምማር ፍሬሽማን ነኝ። እስከ 12ኛ ክፍል ያደረሰኝ ሽምደዳ ሎጂክ ላይ አልሠራም።

«ከዘነበ አስፋልቱ ይረጥባል፤ አስፋልቱ ርጥብ ነው፤ ስለዚህ ዘንቧል» የሚለው ኢንቫሊድ (መደምደሚያው ከተሰጡት ሐሳቦች የግድ የማይከተል) መሆኑ ይገባኛል፤ ቦቴ ውሃ ደፍቶበት ሊሆን ይችላል። የሚከብደኝ ረዥም የእንግሊዝኛ አንቀጽ ሲመጣ ነው። «ዜርፎር» ወይም «ሄንስ» («ስለዚህ» ማለት ነው) ካለ ኮንክሉዥኑን፣ «ቢኮዝ» ካለ ፕሪሚሱን (ለመደምደሚያው ምክንያት የሆነውን ሐሳብ) አገኛለሁ። ጠቋሚ ቃል ከሌለ ግን የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር እመርጣለሁ፤ ብዙ ጊዜ ኮንክሉዥኑ መጀመሪያው ላይ ሆኖ ይገኛል። እዚህ ከተሳሳትኩ ደግሞ ፋላሲውንም (የአስተሳሰብ ስህተቱን ዓይነት) እስታለሁ።

ከ18 ክሬዲት 3ቱ ሎጂክ ነው፤ ከቢ ወደ ዲ ብወርድ ጂፒኤዬ በ0.33 ይቀንሳል። ዲፓርትመንት የሚደርሰኝ በዚህ ነውና በጣም አስጨንቆኛል።

ታክሲ ውስጥ ማንበብ አይሞከርም፤ ቤት ደግሞ ጸጥታ ያለው ከሌሊቱ 11 እስከ 12 ሰዓት ብቻ ነው። ይህቺን አንድ ሰዓት ሞጁል ላንብብባት ወይስ የቆዩ ፈተናዎች ልሥራባት? ጠቋሚ ቃል የሌለውን አንቀጽስ እናንተ በምን ቅደም ተከተል ትፈቱታላችሁ? ክፍል ውስጥ በእንግሊዝኛ መጠየቅ ያስፈራኛል፤ መምህሩ ቢሮ ሄዶ በአማርኛ መጠየቅስ ይቻላል?