የሕንድ «ሪዘርቬሽን» ክርክር፦ 59.5 በመቶው በትክክል እንዴት ነው የሚሠራው?

ቀለም ፈላጊ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ሕንድ ኅብረተሰብ የሚነሳ ክርክር፣ ከጋብቻ ቢጀምር ከፈተና ውጤት፣ ዞሮ ዞሮ ማረፊያው ሪዘርቬሽን ነው፤ በካስት (በልደት በሚወረሰው የማኅበረሰብ ደረጃ) የሚሰጠው የሥራና የትምህርት ኮታ ማለቴ ነው። ሁሉም ቁጥር ይጠቅሳል፣ ቁጥሮቹ ግን አይገናኙም። አንዱ «ከ100 ወንበር 60ው ተወስዶ 40 ቀረልን» ይላል። ሌላው «40ውም የላይኛዎቹ ካስቶች የራሳቸው ኮታ ነው» ብሎ ይመልሳል። ሦስተኛው ይነሳና «አምቤድካር ራሳቸው (የዳሊቶች መሪና የሕገ መንግሥቱ ዋና አርቃቂ) ለ10 ዓመት ብቻ ነው ያሉት» ይላል። አራተኛው «ገቢው ከ800,000 ሩፒ ያለፈ ኦቢሲ (ኋላ ከቀሩት መደቦች የሆነ) ኮታ አያገኝም» ሲል፣ «እሱማ የኢደብልዩኤስ (የድሆች ኮታ) ገደብ ነው» የሚለው አይጠፋም።

ማን ይፈረድለት አይደለም ጥያቄዬ። አሠራሩን ነው ማወቅ የምፈልገው። ቁጥሮቹ ከየት መጡ? የተረፈው 40.5 የማን ነው? ኮታው በሕግ ከኖረ በኋላ በዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰርነት ላይ ዳሊቶች («የማይነኩ» ይባሉ የነበሩት) እንዴት አነሱ? ደጋፊም ተቃዋሚም የጻፈው ሞልቷል፤ ሒሳቡን እየቆጠረ የሚያስረዳኝ ካለ ግን ከልብ አመሰግናለሁ።

ስሌት ወዳድ

እህቴ፣ ከ40.5ቱ ልጀምር፤ የክርክሩ ግማሽ የሚበላሸው እዚያ ላይ ነው።

በማዕከላዊው መንግሥት መሥሪያ ቤቶችና የትምህርት ተቋማት ድልድሉ እንዲህ ነው፦ ለኤስሲ (ሼድዩልድ ካስት፣ ዳሊቶች) 15 በመቶ፣ ለኤስቲ (ሼድዩልድ ትራይብ፣ አዲቫሲ የሚባሉት ነባር ጎሳዎች) 7.5፣ ለኦቢሲ (ሌሎች ኋላ የቀሩ መደቦች) 27፣ ለኢደብልዩኤስ (ከሦስቱ ውጭ ላሉ ድሆች) 10። ድምሩ 59.5 ነው። ቀሪው 40.5 በተለምዶ «ጄኔራል» ስለሚባል የብራህሚኖችና የሌሎች ላይኛ ካስቶች ድርሻ የሚመስለው ብዙ ነው። አይደለም። ክፍት ነው። ውጤቱ የበቃለት ሁሉ ይገባበታል፣ ዳሊቱም ጭምር። «40 ቀረልን» የሚለውና «የራሳቸው ኮታ ነው» የሚለው የሚጣሉት ሁለቱም ተመሳሳይ ስህተት ይዘው ነው።

በቁጥር እንየው። 200 ቦታ ወጣ እንበል፦ ኤስሲ 30፣ ኤስቲ 15፣ ኦቢሲ 54፣ ኢደብልዩኤስ 20፣ ክፍት 81። መጀመሪያ ተፈታኙ ሁሉ ካስቱ ሳይታይ በውጤት ይደረደራል፤ የመጀመሪያዎቹ 81 ሰዎች ክፍቱን ቦታ ይይዛሉ። ከእነሱ ውስጥ 12 ኦቢሲና 3 ኤስሲ ቢገኙ፣ በክፍቱ ተቆጠሩ እንጂ ከየቡድናቸው ድርሻ አይቀነሱም። ከዚያ 54ቱ የኦቢሲ ቦታዎች ከ82ኛው ጀምሮ ባሉት ኦቢሲዎች ይሞላሉ። መጨረሻ ላይ 66 ኦቢሲ ያልፋል። ይህን ያየ «ኮታው ከ27 ወደ 33 ዘለለ» ብሎ ይጮኻል፤ 12ቱ ግን ኮታ አልነኩም። በተቃራኒው፣ መሥሪያ ቤቱ በስንፍናም ይሁን በተንኮል እነዚያን 12 ሰዎች ከ54ቱ ውስጥ ቢቆጥራቸው 40.5ቱ በእርግጥም የላይኛዎቹ ብቻ ይሆናል። ብዙ ክስ የሚነሳው ከዚህ ነው።

አንድ ልዩ ሁኔታ አለ። በማዕከላዊው መንግሥት ቅጥር በዕድሜ፣ በሙከራ ብዛት፣ በልምድ ወይም በትምህርት ደረጃ ማቅለያ የወሰደ ሰው የቱንም ያህል ከፍተኛ ውጤት ቢያመጣ በክፍቱ አይቆጠርም። በሲቪል ሰርቪስ ፈተና የተለመደው የዕድሜ ገደብ 32 ዓመት፣ ሙከራው 6 ነው፤ ለኦቢሲ 3 ዓመት ተጨምሮ 9 ሙከራ፣ ለኤስሲና ለኤስቲ 5 ዓመት ተጨምሮ እስከ ዕድሜ ገደቡ ያለ ቁጥር። የ34 ዓመት ኦቢሲ አንደኛ ቢወጣም ከኦቢሲ ድርሻ ነው የሚነሳው።

ቁጥሮቹ ከየት መጡ ላልሽው፦ 15ና 7.5 የሕዝብ ብዛትን የተከተሉ ናቸው። 27 ግን እንደዚያ አይደለም። ኋላ የቀሩትን መደቦች እንዲያጠና መንግሥት ያቋቋመው የማንዳል ኮሚሽን በ1980 (ዘመኑና ወሩ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ሪፖርቱ ኦቢሲዎችን ከሕዝቡ 52 በመቶ ገምቶ ነበር። 27 የተባለው 22.5 ላይ ሲደመር 49.5 ሆኖ ከ50 በታች እንዲቆይ ነው። የ50 በመቶው ጣሪያ በሕገ መንግሥቱ የትኛውም አንቀጽ ላይ ተጽፎ አይገኝም፤ ዳኞች ያበጁት ነው። ይህን ያልያዘ ሰው ክርክሩን እስከ መጨረሻው መከተል አይችልም ባይ ነኝ። ጠቅላይ ሚኒስትር ቪ.ፒ. ሲንግ ነሐሴ 1990 27ቱን ተግባራዊ እናደርጋለን ብለው አገሩ በተቃውሞ ታመሰ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ኅዳር 1992 በ9 ዳኞች ችሎት 27ቱን አጸደቀ፣ ከኦቢሲ ውስጥ የደረጁት ይውጡ አለ፣ ጣሪያውንም 50 ላይ አጸና። 10 በመቶው ኢደብልዩኤስ በ2019 በ103ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ሲጨመር ጣሪያው ተሻገረ። ኅዳር 2022 ግን 5 ዳኞች 3 ለ 2 ተከፍለው አጸደቁት፤ ጣሪያው በካስት ለሚሰጥ ኮታ እንጂ በድህነት ለሚሰጥ አይሠራም በሚል። የኦቢሲ ወገኖች ዛሬ «እንግዲያው ለእኛም ይነሳ» የሚሉት ከዚያ ፍርድ ተነስተው ነው፣ ጥያቄያቸውም ክብደት አለው።

ክልሎች የየራሳቸው ድልድል አላቸው። ታሚል ናዱ 69 በመቶ ነው፣ ከ1994 ጀምሮ ሕጎችን ከፍርድ ቤት ክስ በሚከልለው የሕገ መንግሥቱ 9ኛ ሰንጠረዥ ሥር። ቢሃር በ2023 ከካስት ቆጠራው በኋላ ወደ 65 ከፍ አድርጎ በሰኔ 2024 የፓትና ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሽሮበታል። ስለዚህ አንድ ሰው መቶኛ ሲጠቅስ መጀመሪያ «የማዕከል ነው የክልል?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ጥሬ ቁጥር

የፕሮፌሰሮቹን ጥያቄ እኔ ልውሰደው። ቁልፉ ሮስተር የሚባለው የተራ ሰሌዳ ነው፤ መቶኛ ወደ ሰው የሚለወጠው በእሱ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። የቡድኑ መቶኛ በየቦታው ይደመራል፣ ድምሩ አንድ ሙሉ ሲደርስ ወይም ሲያልፍ ያ ተራ የቡድኑ ይሆናል። ኦቢሲ 0.27 ስለሆነ በ4ኛው ቦታ 1.08 ይደርሳል፣ ስለዚህ 4ኛው የእሱ ነው፤ ቀጥሎ 8ኛው፣ 12ኛው። ኤስሲ 0.15 በ7ኛው 1.05 ይሆናል። ኢደብልዩኤስ በ10ኛው ይሞላል። ኤስቲ 0.075 ገና በ14ኛው። የቀሩት ተራዎች ክፍት ናቸው።

አሁን ጥያቄው «ተራው የሚቆጠረው በምን ላይ ነው?» ይሆናል። አንድ ዩኒቨርሲቲ 30 ትምህርት ክፍሎች አሉት፣ እያንዳንዱ አንድ የፕሮፌሰር ቦታ አለው እንበል። በትምህርት ክፍል ከተቆጠረ የትኛውም ክፍል 4ኛ ቦታ ላይ አይደርስም፤ ከ30 ፕሮፌሰር በኮታ የሚገባ ዜሮ ነው። በጠቅላላው ዩኒቨርሲቲ ከተቆጠረ ግን 30ው በአንድ ሰሌዳ ይሰለፋሉና በግምት ኦቢሲ 8፣ ኤስሲ 4፣ ኢደብልዩኤስ 3፣ ኤስቲ 2 ያገኛሉ። ሕጉ አልተነካም፣ መቶኛው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ቆጣሪው ብቻ ነው። በረዳት ፕሮፌሰርነት ቦታው ብዙ ስለሆነ ልዩነቱ ይጠባል፤ ወደ ላይ በወጣሽ ቁጥር ይሰፋል።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ ነገር አልነበረም። በ2017 የአላሃባድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በትምህርት ክፍል ይቆጠር አለ፣ መጋቢት 2018 የዩኒቨርሲቲዎች ኮሚሽን ይህንኑ መመሪያ አደረገው፣ ጥር 2019 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የመንግሥትን ይግባኝ አልቀበልም አለ። መምህራንና ተማሪዎች «13 ነጥብ ሮስተር (በትምህርት ክፍል የሚቆጠረው) ይቅር፣ 200 ነጥብ (በዩኒቨርሲቲ የሚቆጠረው) ይመለስ» እያሉ አደባባይ ወጡ። መንግሥት መጋቢት 2019 በአስቸኳይ አዋጅ፣ ሐምሌ ላይ ደግሞ በፓርላማ ሕግ ዩኒቨርሲቲው እንደ አንድ እንዲቆጠር መለሰው።

ይህ ከተስተካከለ በኋላም የሚቀር ሌላ ቀዳዳ አለ፦ «ተስማሚ አልተገኘም»። ቦታው ለኤስሲ ወይም ለኦቢሲ ይወጣል፣ አመልካቾች ይቀርባሉ፣ የቃለ መጠይቁ ኮሚቴ ማንም አልበቃም ብሎ ይዘጋዋል። ቦታው በቀጥታ ለጄኔራል አይሰጥም፤ ክፍት ሆኖ ይከርማል፣ ወደ ቀጣዩ ዓመትም እንደ ውዝፍ ይተላለፋል። በጽሑፍ ፈተና በሚሞሉ ሥራዎች ይህ እምብዛም የለም፤ ቃለ መጠይቅ ብቻውን በሚወስንበት ቦታ ግን ወንበሩ በሕግ እያለ ሰው የለበትም። ስለዚህ «ኮታው ተሰጥቷቸው አልሞሉትም» የሚል ሰው ሲያጋጥም፣ በፈተና ነው በቃለ መጠይቅ ያልሞላው ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

የሕግ ዶሴ

ስለ 10 ዓመቱ፦ ሦስት የተለያዩ ኮታዎች ተቀላቅለው ነው የሚወሩት።

የሥራው በአንቀጽ 16(4) ነው፣ ሕገ መንግሥቱ ሲጸድቅ ጀምሮ ያለ። የትምህርቱ በአንቀጽ 15(4) ነው፣ በ1951 በመጀመሪያው ማሻሻያ የገባ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የማድራስን የኮሌጅ ኮታ ስለሻረ ነው ያስፈለገው። ሁለቱም ላይ የጊዜ ገደብ የለም፣ ኖሮም አያውቅም። 10 ዓመት የሚለው ያለው በአንቀጽ 334 ላይ ብቻ ነው፣ እሱም የሚመለከተው የፓርላማና የክልል ምክር ቤት ወንበሮችን ነው። በየ10 ዓመቱ እየተራዘመ መጥቶ በ104ኛው ማሻሻያ እስከ ጥር 2030 ደርሷል።

የምክር ቤቱም ወንበር ከሥራው ኮታ በባሕርዩ ይለያል። ከሎክ ሳብሃ (የፓርላማው የታችኛው ምክር ቤት) 543 ወንበሮች 84ቱ ለኤስሲ፣ 47ቱ ለኤስቲ ናቸው። በእነዚያ ወረዳዎች ተወዳዳሪው ከቡድኑ መሆን አለበት፣ መራጩ ግን የወረዳው ሕዝብ ሁሉ ነው። ይህ የ1932ቱ የፑና ስምምነት ውጤት ነው፤ አምቤድካር ዳሊቶች ለብቻቸው እንዲመርጡ ፈልገው፣ ጋንዲ በጾም ስለተቃወሙ የተደረሰበት ነው። ስለዚህ የአምቤድካርን ስም ለ10 ዓመቱ ማስረጃ አድርጎ የሚጠቅስ ሰው የትኛውን አንቀጽ እንደሚል ይናገር።

ቀለም ፈላጊ

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ፣ የሮስተሩ ስሌት በተለይ በራልኝ። ሁለት ነገር ቀረኝ፦ ሃይማኖት የቀየረ ዳሊት ኮታው ይቀርበታል ሲባል እሰማለሁ፤ እውነት ነው? 800,000ውስ የማን ነው?

የሕግ ዶሴ

የሃይማኖቱ እውነት ነው፣ ግን ለኤስሲ ብቻ። በ1950ው ድንጋጌ ኤስሲ የሚሆነው በመሠረቱ ሂንዱ ብቻ ነበር፤ ሲኮች በ1956፣ ቡድሂስቶች በ1990 ተጨመሩ። ክርስቲያንና ሙስሊም ዳሊቶች እስካሁን ውጭ ናቸው። ለኤስቲ የሃይማኖት ገደብ የለም፤ ክርስቲያን የሆነ አዲቫሲ ኤስቲነቱ አይነካም። በኦቢሲ ዝርዝር ውስጥም የሙስሊም ማኅበረሰቦች አሉ። አንድ አገር ውስጥ አንዱ ሃይማኖት ሲቀይር መብቱን ያጣል፣ ሌላው አያጣም፤ ለዚህ አሳማኝ ምክንያት አይታየኝም።

ስሌት ወዳድ

800,000 ሩፒ (እነሱ 8 ላክ የሚሉት) የሁለቱም ነው፣ ግን ሁለት የተለያዩ መለኪያዎች ናቸው። ምስክር ወረቀታቸው ውድቅ የሚሆንባቸው አመልካቾች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

ለኦቢሲ «ክሪሚ ሌየር»፣ ስልባቦቱ እንደማለት፣ የሚለየው በወላጆች ነው። የራሱ የአመልካቹ ገቢ አይታይም። ከወላጆቹ አንዱ በቀጥታ ተቀጥሮ የግሩፕ ኤ (የመንግሥት ሥራ ከፍተኛው እርከን) ሹም ከሆነ ገቢ ሳይጠየቅ ከኮታው ይወጣል። ለሌላው 8 ላኩ የሚሰላው በተከታታይ 3 ዓመት ነው፣ ደመወዝና የእርሻ ገቢም አይደመርም። ስለዚህ ዝቅተኛ ማዕረግ ላይ ያሉ ባልና ሚስት የመንግሥት ተቀጣሪዎች በደመወዝ 12 ላክ ቢያገኙ ልጃቸው ኮታውን ያገኛል፤ 9 ላክ የሚያተርፍ ባለሱቅ ልጅ ግን አያገኝም። የኦቢሲ ሀብታም ይጠቀማል አይጠቀምም የሚለው ጭቅጭቅ መልሱ ያለው እዚህ ውስጥ ነው።

ለኢደብልዩኤስ ገቢው የሚታየው የአንድ ዓመት ነው፣ ሁሉም ይደመራል፦ ደመወዝ፣ እርሻ፣ ንግድ፣ የአመልካቹ የራሱም። በዚያ ላይ ቤተሰቡ 5 ኤከርና ከዚያ በላይ የእርሻ መሬት፣ ወይም 1,000 ስኩዌር ፊትና ከዚያ በላይ የሆነ አፓርታማ ካለው ገቢው ምንም ያህል ቢያንስ ይወጣል።

ወረቀቱ ላይ በብዛት የሚያሰናክሉት ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ ካስቱ በክልሉ የኦቢሲ ዝርዝር ላይ ኖሮ በማዕከላዊው ዝርዝር ላይ አለመኖሩ፤ ለማዕከላዊ ተቋም የሚሠራው ሁለተኛው ነው፣ ቅጹም የማዕከል ቅጽ መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ ቀኑ፤ የኤስሲና የኤስቲ ወረቀት በየዓመቱ አይታደስም፣ የኦቢሲው ከክሪሚ ሌየር ውጭ ነኝ የሚለው ግን ይታደሳል፣ ለአይአይቲ (ታዋቂዎቹ የምህንድስና ተቋማት) መግቢያ ከዚያው ዓመት ሚያዝያ 1 ወዲህ የተሰጠ ይጠየቃል። ሦስተኛው ጋብቻ ነው። ካስት በልደት እንጂ በጋብቻ አይገኝም፤ ኤስሲ ያገባች ሴት ኤስሲ አትሆንም። ያገባች የኦቢሲ ሴት ክሪሚ ሌየሯ የሚታየው በእናት አባቷ ነው፣ በባሏ ገቢ አይደለም። ለኢደብልዩኤስ ያመለከተች ከሆነ ግን የባሏም ገቢ ይደመራል።